«በዚህ ሳምንት ማን ጋበዘህ?»

ባለቤቴ ቀበና ውስጥ ቦክስ ያሠለጥኑ ነበር። በግጥሚያ ቀን የልጆቹን እጅ በፋሻ ሲጠቀልሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በዚህ ሳምንት ማን ጋበዘህ?» በግጥሚያ የሚወራረዱት የኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጎበዝ ቦክሰኛ የሚያጠምዱት በግብዣ መሆኑን ያውቁ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሁሉም ጎበዝ የሆነው ልጅ አንገቱን ደፋ።

«ክትፎ አበሉኝ፣ ጋሼ። በሦስተኛው ዙር ውደቅ አሉኝ።»

«ጣፈጠህ?»

«በጣም።»

«እኔን ግን አልጣፈጠኝም። ዛሬ አትጋጠምም።»

«ይገድሉኛል!»

«ጋሼ ከለከሉኝ በላቸው።» ፋሻውን ፈቱት።

ከሳምንት በኋላ ሰዎቹ ቀበና ድልድይ ላይ ጠብቀው የባለቤቴን የቀኝ እጅ ጣቶች ሰበሩ። ለቀበሌ እናመልክት ብላቸው «ልጁንም ለምስክርነት ይጠሩታል» ብለው እምቢ አሉ። ለልጁ ከእንጦጦ ራጉኤል ስወርድ አዳለጠኝ አሉት። ከዚያ ወዲህ ፋሻውን የምጠቀልለው እኔ ነበርኩ፤ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ይጠይቃሉ።

አሁን ወንበራቸው ባዶ ነው። ያ ልጅ ለቅሶ ሲደርስ «የራጉኤል መንገድ ነው የጎዳቸው» አለኝ፤ አላረምኩትም። ዛሬ ግን እውነቱን ይወቅ ብዬ ጻፍኩት። እሳቸው ቢኖሩ አይፈቅዱልኝም ነበር።