የመርፌ ቀዳዳ

ጀልባ ጠጋኙ አዛውንት፣ ዓሣ ነባሪ የዋጣቸው ይመስል እግራቸውን ብቻ ውጭ አስቀርተው፣ በካያኳ፣ በጠባቧ የፋይበርግላስ ጀልባ፣ ሆድ ውስጥ የአየር ክፍሏን የሚዘጋውን ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ በሙጫ ሲያጣብቁ አረፈዱ። ሙጫው ሲደርቅ ግን መሰርሰሪያ አንስተው፣ ያን የለፉበትን ግድግዳ የመርፌ ቀዳዳ በምታህል ሽንቁር በሱት።

"ምነው አባባ፣ ውሃ እንዳይገባ አይደል እንዴ ልፋቱ?" አለቻቸው ባለጀልባዋ።

"ፀሐይ ሲመታው ከግድግዳው ጀርባ የታፈነው፣ ጀልባዋን የሚያንሳፍፋት አየር ያብጣል፤ መተንፈሻ ካጣ ግድግዳውን ይነቅለዋል። በዚህች የምትገባ ጠብታ ማንንም አታሰጥም።"

"ሁሉንም ይበሳሉ?"

"አንዷን ሳልበሳ፣ ደፍኜ ሰጥቻለሁ።" ብናኙን በመዳፋቸው ጠረጉ። "ሐይቁ ጀልባዋን ብቻ መለሰልኝ፣ ግድግዳዋ ተነቅሎ።"

"የማን ነበረች?"

"የልጄ። ጠብታ እንኳ እንዳይነካት ብዬ።"