የዳለቲ ቁርበት በራጅ ክፍል

ሀዋኦ ግትር ናት። ይህን የምለው ማንያታ በምንለው ሰፈራችን ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቷ ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ሰው ቢላት ግን እጣላዋለሁ።

በፈረንጆቹ 2006፣ ከድርቁ በኋላ ዝናቡ ሲመጣ፣ ቦሪ መንደር የነበረችው ላሟ ዳለቲ በድንገት ሞተች። የሀዋኦ ልጅ ካልቶማ በዚያች ላም ወተት ነው ያደገችው። ስትዳር የዳለቲን ቁርበት ለመኝታዋ ልትሰጣት እናትየው ቃል ገብታለች፤ ሠርጉም ደርሷል። ስለዚህ ማንንም ሳትጠይቅ አስገፈፈቻት። የእንስሳት ሐኪሟ ጄን መጥታ «አባ ሰንጋ ነው፤ ሁሉም ይቃጠል» ስትል ሬሳው ተቃጠለ፤ ቁርበቱ ግን የት እንደገባ ጠፋ።

አንድ ጠዋት ሀዋኦ «ይህን ጆንያ ያዥልኝ» ብላ ክሊኒክ ወሰደችኝ፣ ራጅ የሚያነሳው ፒተር ዘንድ።

«ዳክታሪ፣ ቁርበቱ ላይ ጨረርህን ልቀቅበት። የአባ ሰንጋው ጀርም ይሙትልኝ። ሁለቴ ብታደርገው ደግሞ ደስ ይለኛል።»

ፒተር ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ፖሌ፣ አዝናለሁ፣ ማማ ካልቶማ። ጆንያውን እንዳትፈቺው። ይኼ ማሽን አጥንት ለማየት ነው። ያ ጀርም ሲቸግረው ቅርፊት ለብሶ ይተኛል። ጨረር ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው ውስጥ ባለ ውሃ በኩል ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ውሃውን አስቀድሞ አውጥቶታል። የዘሩን ክር በፕሮቲን ጠቅልሎታል። ቢበጠስበት እንኳን ሲነቃ ይቀጥለዋል። እሱን የሚገድል ጨረር እዚህ ቢለቀቅ ቀድመን የምናልቀው እኛ ነን።»

«እኔ እኮ በደንብ አድርቄዋለሁ» አለች፣ ድምጿ ወርዶ።

«ድርቀቱንማ ይችለዋል።»

«እንደኛ ነዋ። ኩርምት ብሎ ዝናብ ይጠብቃል።» ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። እንባዋን ጠርጋ «እሳትስ?» አለች።

«እሳት ይጨርሰዋል።»

ጄን ባለችበት ሀዋኦ ራሷ ክብሪቱን ጫረች። ቁርበቱን የነካን ሁሉ ኪኒን ዋጥን። እኔ ጆንያ በመያዜ ብቻ መዋጤን እስከ ዛሬ አነሳባታለሁ።

በሠርጉ ቀን ለካልቶማ የተሰጣት የስፖንጅ ፍራሽ ነበር። አክስቶቿ መንሾካሾክ ሲጀምሩ ሀዋኦ ጄን የከተበቻትን የዳለቲን ጊደር እየጎተተች መጣች። ገመዱንም ለልጇ አስጨበጠቻት።

«የእናቷ ቁርበት ላይ አትተኚም» አለቻት። «እናቷ አንቺን አሳደገች፤ ይቺ ደግሞ ልጆችሽን ታሳድግልሻለች።»