የይታይሽ ሆድና ሁለቱ መድኃኒቶች

ይታይሽን የሚያውቃት ሁሉ አንድ ነገር ይመሰክርላታል፤ አፏ ማማረር አያውቅም። ወለጋ ላይ እርሻዋንና ከብቶቿን ጥላ ደብረ ብርሃን መጠለያ ስትገባ እንኳ፣ እንዴት ነሽ ላላት ሁሉ መልሷ «ተመስገን» ነበር። የሸራው ቤት ብርድ አጥንት ሰርስሮ ሲገባ፣ «ተመስገን»። ስኳሯ ሲነሣባት፣ «ተመስገን»። ሌላው ሰው ቢሆን መጠለያውን በእሮሮ ባናወጠው ነበር።

በኋላ ግን ሆዷ እንቢ አለ። ጥቂት እንደጎረሰች ጥግብ ትላለች፤ የጠዋቱ ምግብ እስከ ማታ እዚያው ተቀምጦ ይውላል፤ አንዳንዴም እንዳለ ይመለሳል። እስቲ አሁን፣ ስንዴ እየተሰፈረ በሚኖርበት ቦታ «ምግብ አልወርድ አለኝ» ተብሎ ለማን ይወራል? የነገረችው ለጎረቤቷ ለዝናሽ ብቻ ነው። ዝናሽም ስኳር አለባት፤ ያው ሕመም ጀማምሯታል።

በዝናሽ ጉትጎታ ሐኪም ቤት ስትሄድ፣ ዶክተር ፍሬሕይወት ስኳር ሲቆይ የጨጓራን ነርቭ እንደሚያደክም አስረዳቻት። «አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት አለ፤ ጨጓራውን የሚያንቀሳቅስም አለ። ሁለተኛው ጠንከር ስለሚል በቀላሉ እንጀምር። የትኛው እንደሚሻል የማውቀው እርስዎ ሲነግሩኝ ነው፣ እትዬ ይታይሽ» ብላ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አዘዘችላት።

በቀጠሮዋ ስትመለስ «መድኃኒቱ እንዴት ነው?» ተባለች።

«ተመስገን!»

ማቃጠሉ በእርግጥ ቀነስ ብሏል። ምግቡ ግን አሁንም አይወርድም፤ መቀነቷ ወገቧ ላይ አንድ ዙር ጨምሯል። ያቺ ልጅ እግር ሐኪም እንዲህ ተጨንቃላት፣ መድኃኒቱም በነጻ ተሰጥቷት፣ አልሠራም ማለት ውለታ መርሳት መሰላት። ይሉኝታ ሊገድላት ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዝናሽም አብራት ገባች። ዶክተሯ የዝናሽን ሕመም ሰማችና ፈገግ አለች። «አይዞሽ፣ እትዬ ይታይሽን በደንብ የተስማማቸው አለ፤ ላንቺም እሱኑ ልጻፍልሽ።»

ይታይሽ ዞር ብላ የዝናሽን የከሳ ፊት አየች። ዝናሽ የምታጠባው ሕፃን አለ። ለራሷ ሲሆን የቻለችው ነገር፣ ለዝናሽ ሲሆን አልቻል አላት። ብድግ አለች።

«ቆይ ልጄ፣ አትጻፊ። እኔ ተመስገን ያልኩት ለፈጣሪ ነው እንጂ ለመድኃኒቱ አይደለም። ቃሩን አብርዶልኛል፤ ምግቡ ግን ያው ነው፣ ትናንትም አስመልሶኛል።»

እንዲህ ብላ ለሰው ስትናገር በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። አንገቷን ግን አልደፋችም። እውነትም የሚያኮራ ነበር!

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሁለቱንም እንደገና በደንብ ጠየቀች፣ መረመረች። ከዚያ ጨጓራ የሚያንቀሳቅሰውን ሜቶክሎፕራማይድ ለሁለቱም አዘዘች፤ ምግብ ከመቅረቡ ቀደም ብሎ የሚዋጥ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ። «ካቁነጠነጣችሁ፣ ወይም ፊታችሁና ምላሳችሁ ሳታዙት ከተንቀሳቀሰ፣ አቁማችሁ ቶሎ ኑ» ብላ አስጠነቀቀቻቸው።

ተመልሰው ሲመጡ ይታይሽ ጥያቄውን እንኳ አልጠበቀችም። «ቀን ቀን ድብት ያደርገኛል፣ ይኼን ጻፊው። ሌላ ክፉ ነገር አላየሁበትም። ጠዋት ቅንጬ በላሁ፤ ወረደልኝ።»

«ከዚያስ?» አለች ዶክተሯ።

በመጠለያው ይህን ቃል ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ነው የሚናገረው። ይታይሽ ግን ቀና ብላ፣ ልጇን እንደምትድር እናት ፊቷ በርቶ፣ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዘው ሁሉ እስኪሰማት ድረስ ተናገረችው።

«ራበኝ!»