ራጅ ላይ የማይታየው

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። የንስሐ አባቴ በየጊዜው ሲጠይቁኝ ጾም የገደፍኩበትን፣ ጎረቤት ያማሁበትን፣ በባሌ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁበትን ሁሉ አንድ በአንድ አራግፌላቸዋለሁ። ወደዚህኛው ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለኝም አባቴ» እላለሁ። አለኝ እንጂ። በአንዲት ልጅ እግር ላይ የሠራሁት ሥራ አለኝ፤ የሠራሁትም በእጄ ሳይሆን በአፌ ነው።

እኔ ወጌሻ ነኝ። ደብረ ታቦር ላይ እትዬ ማንጠግቦሽ ብሎ የጠየቀ ሰው ቤቴን አያጣውም። ሙያውን ያገኘሁት ከአባቴ ነው፤ ወለምታ ሲያሽ፣ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ እያየሁ አደግሁ። በኋላም ለስፖርት ወጌሾች የተሰጠ አጭር ሥልጠና ወስጄ፣ እጄ ድሮ የሚያውቃቸውን ጡንቻዎች ስማቸውን ተማርኩ። ወደ እኔ የሚመጣው የወለቀበት ሰው ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሶ የዋለ የቢሮ ሠራተኛ አንገቱ አልዞር ብሎት ይመጣል። መምህራን ይመጣሉ። ሱቅ ተቀምጠው የሚውሉ ነጋዴ ሴቶች ወገባቸውን ሊታሹ ይመጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ግማሹን የሚያመው ወገቡ አይደለም፤ ሐሳብ ነው። ልጁ ፈተና የወደቀበት፣ ዝውውር የተከለከለ፣ ከባሏ ጋር የተኳረፈች፣ ሁሉም ጭንቀቱን ትከሻው ላይ ቋጥሮ ነው የሚመጣው። በደረታቸው ተኝተው ጀርባቸው ሲላላ ምላሳቸውም አብሮ ይላላል፤ ለእናታቸው ያልነገሩትን ለእኔ ይነግሩኛል። እኔም አላወራባቸውም። በዚህ የተመሰገንኩ ነበርኩ፤ ምስጋናውንም እወደው ነበር።

ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። በዚያን ጊዜ በከተማችን ሯጮች የሚሠለጥኑበት ፕሮጀክት ነበር። ልጆቹ በየጠዋቱ ወደ ጉና ተራራ የሚወስደውን አቀበት ሮጠው ይመለሳሉ፤ ሴቶቹ ወንድ ወጌሻ እንዲነካቸው ስለማይፈልጉ በየሳምንቱ እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር። ከእነሱ አንዷ ፈንታነሽ ነበረች። ከአንበሳሜ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ብዙ የማትናገር ልጅ። ሌሎቹ ከአቀበቱ ተመልሰው ገና ስነካቸው ሲጮኹ፣ የእሷ እግር ጠዋት ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው እግር ይመስል ነበር። ባቷን በያዝኩ ቁጥር እገረም ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በልምምድ አይመጣም፤ ተሰጥቷት ነው።

ከእሷ ቀጥሎ የማሸው የእህቴን ልጅ የሰብለን እግር ነበር። ሰብለ ያደገችው እኔ ቤት ነው። የምትሮጠውም ልክ እንደ ፈንታነሽ ረጅሙን ርቀት ነበር፤ ሁልጊዜ ከፈንታነሽ ኋላ። ጎበዝ ነበረች፣ ትጉህ ነበረች፤ ግን የሁለቱን ልዩነት እጄ ያውቀዋል። እጄ ያወቀውን ልቤ አልቀበልም አለ። ሰብለ ክለብ ልትገባ ነው ብዬ አስቀድሜ በጎረቤቱ ሁሉ አውርቼ ነበር። የተጠየቅሁት ነገር ሳይኖር፣ ራሴው ነኝ ያወራሁት።

ባሕር ዳር ያለ አንድ ክለብ ልጆች ሊመርጥ ሆነና ከየፕሮጀክቱ ለረጅሙ ርቀት አንድ አንድ ሴት ልጅ ላኩ ተባለ። ከእኛ የምትሄደው ፈንታነሽ መሆኗን ማንም አይጠራጠርም ነበር፤ ሰብለ ራሷም ብትሆን። ምርጫው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ፈንታነሽ ለብቻዋ ቤቴ መጣች። ቀኝ ዳሌዋን ይወጋት ጀምሮ ነበር። አስተኝቼ ዳሰስኩት። አጥንቱ በቦታው ነው። መገጣጠሚያው ወዲያ ወዲህ ሳደርገው እንደ ልቡ ይዞራል። ከዳሌዋ ወደ ጭኗ የሚወርደው ጡንቻ አቀበትና ቁልቁለት በዝቶበት ተኮማትሯል፤ ሌላ ምንም የለም። ጥቂት ቀን አርፋ ብትታሽ የሚለቅ ነገር ነው። ስንቱን እንዲህ ያለ አሽቼ በሳምንቱ ሲሮጥ አይቻለሁ። አንቺም አንተም ይህን ስታነቡ፣ ምናልባት አላወቀችም ይሆናል ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው ይህን ሁሉ የምዘረዝረው።

እሷ ግን ፈርታ ነበር። ፊቷን ትራሱ ውስጥ እንደቀበረች፣ «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ አደራዎትን ለአሠልጣኙ እንዳይነግሩብኝ» አለችኝ።

«ማን ይነግርብሻል» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሜዳው ወጣሁ። ለምን ወጣሁ? ያን ቀን ሜዳ የሚያስወጣኝ ሥራ አልነበረኝም። አሠልጣኙ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር፤ ያከብረኛል፣ ስለ ልጆቹ አካል እኔ ያልኩትን ሁሉ ይቀበላል። ፈንታነሽ ስታሟሙቅ እርምጃዋ እንዳጠረ አስተውሎ ኖሮ፣ እትዬ ይቺ ልጅ ምን ሆናለች ብሎ ጠየቀኝ። ሰብለ ጥቂት ራቅ ብላ የጫማዋን ክር ታስር ነበር። አላየሁም ማለት እችል ነበር። ጡንቻ ነው፣ ያልፋል ማለት እችል ነበር። አንዱም ከአፌ አልወጣም። ዳሌዋ ከቦታው ሸሽቷል አልኩት። ከሮጠች ሽባ ሆና ትቀራለች አልኩት።

ደነገጠ። ወዲያው ሐኪም ቤት ወስጄ ራጅ ላስነሳት አለ። እኔም፣ ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ይሄ ራጅ ላይ አይታይም፣ በእጅ ብቻ ነው የሚታወቀው አልኩት። አባቴ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም። እሱ የጠረጠረውን ቀርቶ ያልጠረጠረውንም ወደ ሐኪም ይልክ ነበር። ያችን ቃል የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ከሠራሁት ሁሉ የከፋችው እሷ ናት፤ የዋሸሁትን ውሸት ማንም ሐኪም እንዳያፈርሰው አድርጋ ዘጋችልኝ።

ለጤናዋ አስቤ ነው? ለራሴ እንዲህ ያልኩበት ጊዜ ነበር። እሾኽ የወጋው ሰው እንኳ እንዳይሮጥ ይመከራል፣ እኔ ጥንቃቄ አበዛሁ እንጂ ምን አጠፋሁ ብዬ ራሴን ያባበልኩበት ጊዜ ነበር። ለሰብለ ብዬ ነው? እንዲህም ብያለሁ፤ ይሄ ደግሞ ፍቅር ስለሚመስል ይጣፍጣል። ግን ሰብለ ይህን አድርጊልኝ አላለችኝም። እኔ ነኝ ያደረግሁት፤ በጎረቤት ፊት እንዳላፍር ብዬ፣ የሌላ ሰው ልጅ እግር እያሸሁ ስቀና ከርሜ ነው ያደረግሁት።

ከሰዓት በኋላ ፈንታነሽ እያለቀሰች መጣች። አሠልጣኙ ነግሯታል። አደራዬን ለምን በሉ ብላ ልትወቅሰኝ የመጣች መስሎኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልወቀሰችኝም። እውነት ነው ወይ ብቻ ነው ያለችኝ። አሁንም መመለስ እችል ነበር እኮ! ገና ምንም አልተበላሸም ነበር። እጄን ዳሌዋ ላይ አሳርፌ፣ ያን ደህና ዳሌ እየነካሁ፣ እውነት ነው አልኳት። ሁለተኛ ጊዜ ነው የዋሸሁት፤ የመጀመሪያውን በችኮላ ብዬ ላልፈው ብሞክር ይሄኛውን ምን እለዋለሁ?

ጓዟን ይዛ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። በኋላ አብራት ትኖር የነበረችው ልጅ እንደነገረችኝ አባቷ ሐኪም ቤት ወስዷት ራጅ ተነስታ ነበር። ሐኪሙ ምንም የለባትም፣ ትንቀሳቀስ ብሏቸዋል። ቤተሰቡ ግን እትዬ ማንጠግቦሽ ራጅ ላይ አይታይም ብላለች ብለው የእኔን ያዙ። ሐኪሙ ያላትን ትተው እኔ ያልኳትን አመኑ። ከባድ አታንሺ ተባለች፣ ሩቅ አትሂጂ ተባለች። ቀኝ እግሯን ለማሳረፍ ብላ ክብደቷን ሁሉ በግራዋ ላይ መጣል ለመደች። እኔ ይህን ስሰማ ተነስቼ አንበሳሜ መሄድ ነበረብኝ። መንገዱ ሩቅ ሆኖብኝ አይደለም የቀረሁት።

ሰብለ ተመረጠች። ሁለት ዓመት ያህል በክለቡ ሮጠችና በራሷ ፈቃድ ተወችው፤ ድሮም እንደማትወደው ያኔ ነው የነገረችኝ። አሁን ባሕር ዳር ላይ ባለትዳር ናት፣ ልጆች አሏት፣ ስለ ሩጫ ሲነሳባት ትስቃለች። በማን ቦታ እንደሄደች ታውቃለች፤ እንዴት እንደሄደች ግን አታውቅም።

አንድ የገበያ ቀን ከባሕር ዳር ስመለስ ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ሰው ለመጫን ቆመ። በመስኮት ፈንታነሽን አየኋት። የቦንዳ ልብስ ከዘረጋችበት ተነስታ አንድ ገዢ ልታስለካ ወዲያ ማዶ ተሻገረች፤ ታነክሳለች። ቀኝ እግሯን እየጎተተች ታነክሳለች። እኔ ምን አደረግሁ? ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ ሹፌሩ ቶሎ በሄደ እያልኩ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ዓመት ራሷ መጣች። በሩን ስከፍት አንድ ጠርሙስ ማር ይዛ ቆማለች። ሕመሙ እየባሰባት ሄዶ ቆማ መዋል ስላቃታት፣ ከእርስዎ በቀር የሚያውቀው የለም ብዬ መጣሁ አለችኝ። ማሩንም የሰጠችኝ፣ ያኔ እርስዎ ባይደርሱልኝ ኖሮ ሽባ ሆኜ ቀርቼ ነበር ብላ አመስግና ነው። ማሩን ተቀበልኳት።

አስተኛኋት። ያ እግር! ባቱ ሟሽሿል፣ ጭኑ ከግራው ቀጥኗል፣ ወገቧ ባንድ ወገን ተጎትቷል። ዳሌዋን ያዝኩት። አጥንቱ እንደ ድሮው በቦታው ነው፣ መገጣጠሚያው እንደ ድሮው ይዞራል። ምንም የሌለበት ዳሌ ይዛ ይህን ሁሉ ዓመት አነከሰች፤ ማንከሱም በተራው እውነተኛ ሕመም አመጣባት። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊቷ ትራሱ ላይ ተደፍቶ ስለማታየኝ ይሆናል፣ ድፍረት መጣልኝ።

«ፈንታነሽ፣ ዳሌሽ ደህና ነው» አልኳት። «ያኔም ደህና ነበር።»

ቀስ ብላ፣ «እንግዲያ ለምን ያመኛል?» አለች።

ለምን እንደሚያማት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ከእኔ ሌላ ማን ሊነግራት ይችላል? አፌን ከፍቼ ሳለ እሷ ቀደመችኝ። ተገልብጣ ተቀመጠችና እንባዋን በእጇ ጠረገች። ፊቴን አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ።

«ተሳስተው ነዋ» አለች። «ምን ይደረግ እትዬ፣ ሰው አይደሉ?»

እኔም ያን ይዤ ዳንኩበት። አዎ፣ ተሳስቼ ነው አልኳት። እንደ ሰጠመ ሰው ያገኘሁትን ጨበጥኩ። እግዚአብሔር ይፍታዎት ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ክንዷን ይዤ አነሳኋት እንጂ ሌላ ነገር አላልኩም። ደህና ነሽ ስላልኳትም የተለወጠ ነገር የለም፤ ከቤቴ የወጣችው እያነከሰች ነው።

አሁን በየጊዜው ትመጣለች። እያሸኋት፣ የምትሠራውን እንቅስቃሴ እያሳየኋት ነው። እግሯ ጥቂት በጥቂት ሥጋ እያበጀ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በአስፋልቱ ዳር ትንሽ ትንሽ መራመድ ጀምሬያለሁ ብላኛለች። ስትታሽ የሆዷን ታጫውተኛለች፤ ለማንም ያልነገረችውን። እኔ ዘይት እየቀባሁ አዳምጣለሁ። በየጊዜው ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፣ በየጊዜው ያለፈውን ይቅርታዋን አስታውሼ ዝም እላለሁ። ይቅር ያለችኝ እኮ ለስህተት ነው። የሠራሁት ግን ስህተት አልነበረም። ላልሠራሁት ይቅርታ ተቀብዬ ለሠራሁት እስካሁን አልጠየቅኋትም።

ይህን የምታነቡትን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን ከእሷ በፊት አልናገርም፤ ቀኖና ተቀብዬ ቀለል ብሎኝ መተኛት ይሆንብኛል። ይህን የጻፍኩት አንድ ጊዜ ከወጣልኝ ሁለተኛው አያቅተኝ ይሆናል ብዬ ነው። በሚቀጥለው ስትመጣ፣ ገና ሳትተኛ፣ ፊቷን እያየሁ የምላት ይኸው ነው።

ፈንታነሽ፣ አልተሳሳትኩም። አውቄ ነው።