ማጥፊያ ያላት ሠራተኛ

ቤት የምትጠርገው ሮቦታችን ሶፋ ስር ተቀርቅራ ስትጮህ ልጄ በሳቅ ትፈርሳለች። እኔን ግን ያ ድምፅ ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር ወደነበረችው ጠባብ ክፍላችን ይመልሰኛል።

ጁምዓ ነበር። እናቴና ጓደኞቿ፣ ሁሉም የሰው ቤት ሠራተኞች፣ በቴሌቪዥን ፊልም አንዲት ሮቦት ሠራተኛ የጌታዋ አናት ላይ ሻይ ስትደፋ እያዩ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። አብዛኞቹ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌላቸው፣ ሳቃቸው ውጭ እንዳይሰማ የአባያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ወትፈዋል። አክስቴ ዘይነባ ብቻ አልሳቀችም። በረኪና የላጠውን እጇን እያየች፣ “እሷስ ታድላ! ሲመሽ ማጥፊያዋን ይጫኑላታል” አለች።

ከታች የማዳሟ ሾፌር ጥሩምባ ነፋ። ዘይነባ ተነሳች።

“መጨረሻውን በሚመጣው ጁምዓ ትነግሪኛለሽ፣ እሺ?” አለችኝ።

አልመጣችም። እናቴ ማዳሟ ቤት ደወለች። “እንዲህ የምትባል ሰው እዚህ የለችም፤ ኸላስ!” ተባለች።

ዛሬም ሮቦት የሚያስቅበት ፊልም አያመልጠኝም። መጨረሻውን ለዘይነባ የማጠራቅምላት ይመስለኛል።

ጎንበስ ብዬ የሮቦታችንን ማጥፊያ ተጫንኩት።

“እማዬ፣ ገና አልጨረሰችም እኮ!” አለች ልጄ።

“መሽቷል፤ ትረፍ” አልኳት።