አራጅ ያጣች ዶሮ

ባል ያላት ሴት ነገሩን ልብ አትለውም። ብቻዋን ለምትኖር ክርስቲያን ግን፣ በተለይ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ የፋሲካ ዋነኛው ጭንቅ አራጅ ማግኘት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ዶሮ አታርድም። ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ስለዚህ በቤቷ ወንድ የሌላት ሴት በበዓሉ ዋዜማ ዶሮዋንና ቢላዋዋን ይዛ ደጅ ትቆምና መንገደኛውን "ባርክልኝ" ትለዋለች። እሱም እምቢ አይልም፤ አርዶላት፣ እጁን ታጥቦ መንገዱን ይቀጥላል። ይህ ልማድ ባሰብኩት ቁጥር ያስደንቀኛል። ሰውየው ስሟን እንኳ ሳያውቅ የበዓሏ ባለቤት ያደርጋታል።

ወይዘሮ በለጡ ፈላና በር አጠገብ፣ የሐረሪዋ የዘይነባ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ጣሊያን እንደወጣ ከወታደር ባላቸው ጋር ከመንዝ መጡ፤ ባላቸው ሞተ፣ ልጅ አልነበራቸውም፣ እሳቸውም እዚያው ቀሩ። የሚኖሩት የሰው እህል በክፍያ እየለቀሙ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞረው "የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ" ይላሉ። "ዛሬ" የምትለውን ቃል አክብረው ነበር የሚኖሩት፤ ለነገ ሲጨነቁ ያያቸው የለም። ሥራ ያጡ ቀን "ዛሬ ጾም ነው ማለት ነው" ብለው ቡናቸውን ብቻ ጠጥተው ይውላሉ።

የሚከብዳቸው ብቻቸውን መብላት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ማዕዳቸው ላይ ሌላ እጅ የሚዘረጋው በፋሲካ ብቻ ነው፤ የባላቸው ጓደኛ ሃምሳ አለቃ ለማ ከከተማው በላይ ካለው ከሐኪም ተራራ ወርደው ዋዜማውን ያርዱላቸዋል፣ በማግሥቱም አብረው ይፈስካሉ። የዚያን ዓመት ግን ሃምሳ አለቃው ቅዳሜ እንደማይመቻቸው፣ እሑድ ግን እንደሚመጡ ላኩባቸው።

ስለዚህ ወይዘሮ በለጡ አውራ ዶሯቸውን አቅፈው ፈላና በር ላይ ቆሙ። ከሶፊ ገጠር ጫት ያመጡ ሙስሊም ገበሬዎች አለፉ። ሙስሊም ነጋዴዎችም አለፉ። ፀሐይዋ ከአናታቸው አልፋ ወደ ጎን ስታዘነብል አንድ ወጣት ወታደር መጣ። ወታደር ሁሉ ከደጋ የመጣ ክርስቲያን ስለሚመስላቸው ሃይማኖቱን አልጠየቁም።

"ልጄ፣ ባርክልኝ።"

 ልጁ ቢላዋውን ተቀብሎ ዶሮውን ወደ ሰሜን አዞረና አረደ። ለምን ወደ ምሥራቅ እንዳላዞረው ወይዘሮ በለጡ ትንሽ ገርሟቸው ነበር፤ ደሙ ልብሱ ላይ እንዳይረጭ ነው ብለው ተዉት።

ዶሮው ተገነጣጥሎ በሎሚ ታጥቦ፣ ቁሌቱ ብቻውን እየተንተከተከ ሳለ ወታደሩ ቤታቸውን ጠያይቆ ተመልሶ የክፍላቸው ደጃፍ ላይ ቆመ።

"እማማ፣ ስሜ ከድር ነው።"

ወይዘሮ በለጡ ማማሰያውን አስቀመጡ። "ታዲያ ምነው ያኔ አልነገርከኝም?"

"ብዙ የቆሙ መሰለኝ። ደክሞዎት ነበር። ዶሮ ነው ብዬ... ሄጄ ግን አላስቀምጥ አለኝ።"

"ምን ብለህ አረድከው?"

"ወደ መካ አዙሬ፣ ቢስሚላህ ብዬ።"

"እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ተመልሰህ መጣህ። ሂድ፣ አለቃህ እንዳይቆጣ።"

እሱ ሲሄድ ሥጋው ፊታቸው ቀረ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ፤ የፈተናው ረቂቅነት እዚህ ነውና። ሃምሳ አለቃው "ማን አረደው?" ቢሉ፣ "መንገደኛ ወታደር" ማለት ይበቃል። ቃሉ ሐሰት አይደለም። ግን እውነቱን ይዞ ውሸት የሚሠራ ቃል ነው። ዶሮ ከሌለ ደግሞ እንግዳው ቅር ይላቸዋል፤ ቅር ካላቸው ከሰው ጋር የሚበላባት የዓመቱ አንድ ቀን ልትቀር ነው።

ወይዘሮ በለጡ ሥጋውን በሳህን አድርገው ወደ ዘይነባ ተሻገሩ።

"ሙስሊም ነው ያረደው፣ ለእናንተ ይሆናል።"

"በለጡ፣ ምን ነካሽ? እንግዳ አለብኝ አላልሽም?"

"አለብኝ።"

"ታዲያ ምን ልታበዪው ነው?"

"ቁሌቱ አለ። እንቁላል እጨምርበታለሁ።"

"ወላሂ፣ አንቺ ሴትዮ ታስቸግሪያለሽ" አለች ዘይነባ። ሳህኑን ግን በሁለት እጇ ተቀበለች።

በማግሥቱ ሃምሳ አለቃ ለማ ወጡን በእንጀራ ጫፍ ገላለጡት። "ዶሮውን ደብቀሽብኛል እንዴ? ከነክንፉ በረረ?"

ወይዘሮ በለጡ የሆነውን አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው።

"ምን ነካሽ፤ ወታደር አረደልኝ ብትዪኝ ይበቃኝ ነበር እኮ።"

"አዎ፣ ይበቃዎት ነበር" አሉ ወይዘሮ በለጡ። "ለዚያ ነው ያላልኩት።"

ሃምሳ አለቃው አንድ እንቁላል በሉ፣ መረቁ ጥሩ ነው አሉ፣ አንድ ዘመድ ቤት በግ ታርዶ እየጠበቃቸው እንደሆነ ተናግረው ተነሡ። ወይዘሮ በለጡ እስከ በሩ ሸኟቸው። ተመልሰው ቀሪውን ብቻቸውን በሉ።

ሰኞ ዘይነባ እግሯ በክር የታሰረ ጠቃጠቆ ዶሮ ይዛ መጣች። "ይቺ ነፍስ አላት፣ ሐላል ሐራም የለባትም። አራጅ ስታገኚ ታሳርጃታለሽ።"

ዶሮዋ ከአልጋው እግር ጋር ታሰረች። ኋላ ክሩ ተፈታላት፤ እሷ ግን የትም አልሄደችም። ወይዘሮ በለጡ ሲጸልዩ እግራቸው ሥር ትጭራለች፤ እህል ሲለቅሙ ከእንክርዳዱ ድርሻዋን ታነሣለች።

በሚቀጥለው ፋሲካ ሃምሳ አለቃ ለማ ለቅዳሜም ለእሑድም አልላኩም። ወይዘሮ በለጡ ዶሮዋን አቅፈው፣ ቢላዋ ይዘው ፈላና በር ላይ ቆሙ። አንድ ሰው ሲመጣ አስቀድመው ጠየቁት።

"ክርስቲያን ነህ ልጄ?"

"አዎ፣ እናቴ። ልባርክልዎ?"

ዶሮዋ በክንዳቸው ላይ አንገቷን አዙራ ሰውየውን አየችው። ወይዘሮ በለጡ ቢላዋውን ወደ ነጠላቸው ውስጥ መለሱ።

"ደህና ግባ" አሉት። "እንቁላል ይበቃኛል።"

ሰውየው ግራ ገብቶት አለፈ፤ እሳቸውም ከዶሮዋ ጋር ለሁለት ወደሚኖሩባት ክፍል ተመለሱ።