ቀለም የለበሰው ምሰሶ

ዛሬ ኪዳን አድርሰን ስንወጣ የደጀ ሰላሙን ምሰሶ ብደገፈው፣ ጣቴ የራሰ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ሰርጎ ገባበት።

በየዓመቱ የሚታደሰው ቀለሙ ግን አሁንም ያምራል!

ምሰሶውን ያቆምነው በደርግ ዘመን ነው። የግቢያችንን ጽድ የገበሬ ማኅበሩ ለጽሕፈት ቤቱ ቆርጦ ስለ ወሰደብን፣ እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ አቆምን። እኔም ለበዓሉ እንዲያምር «በዘይት ቀለም ይቀባ» አልሁ።

አናጢው አያ ሞላ «መምሬ፣ እርጥብ እንጨት አይቀባም፤ መጀመሪያ ይድረቅ» ቢለኝ፣ «አንተ መጥረቢያህን ያዝ፤ ቤቱን ባለቤቱ ይጠብቀዋል» ብዬ በሰው ፊት አሳፈርሁት።

ለኪዳን የመጣች አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ከምሰሶው የረገፈውን ፍርፋሪ አይታ እንዲህ አለችኝ፦ «አባቴ፣ ይህን እንጨት የበላው የጅብ ጥላ ወገን ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ክሩን በእንጨቱ ውስጥ ይሰድዳል፤ ከራሱ በሚያመነጨው ፈሳሽ የእንጨቱን ቃጫ አሟሙቶ ይመገበዋል። እርጥበት ካላገኘ ግን አይሠራም። ቀለሙ ነው እርጥበቱን ያፈነለት።»

አያ ሞላ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው።

ጽዱን የወሰዱብንን እስከ ዛሬ ስወቅስ ኖሬአለሁ። ምሰሶውን ያስበላሁት ግን እኔ ነኝ።

ወዳጆቼ፣ ምክሩን ንቃችሁ፣ ይቅርታ ሳትጠይቁት ያረፈባችሁ ሰው አለን? እስቲ ስሙን ጻፉልኝ፤ ከአያ ሞላ ጋር በጸሎት አስበዋለሁ።